ሊቀ ኪኒን አንዳርጌና የሀቢባ ዚንክ

በጋይንት ምድር ሐኪም አጥቶ የሞተ ሰው የለም። የተማረ ሐኪም አጥቶ የሞተስ ሞልቷል፤ ያልተማረውን ግን ያጣው የለም። በየመንደሩ አንድ አለ። ስታስነጥስ ከአጥር ማዶ "ይማርህ" ሳይሆን "ከጀመረህ ስንት ቀን ሆነህ?" የሚል፣ እግሬን አመመኝ ስትለው ምላስህን የሚያይ፣ ብትድን ለራሱ፣ ብትሞት ለፈጣሪ የሚቆጥር ሰው ነው። ስማዳ ብትወርድ ወገዳ ገበያ ላይ ተቀምጦ ታገኘዋለህ፤ እስቴ ብትሻገር እዚያም ቀድሞህ ደርሷል። የአርብ ገበያው ሰው ግን ከሁሉም የላቀ ነበር። ስማቸው አንዳርጌ ነው። ማዕረጋቸውን ከጃንሆይ አላገኙትም፤ የሾማቸው ጎረቤት ነው፤ ሊቀ ኪኒን ይባላሉ።

የሹመቱን ክብደት ከማንም በላይ የምታውቀው ሀቢባ ናት። ቤቷ ከቤታቸው ጋር አጥር ለአጥር ነው። ሀቢባ ባሏ ከሞተ ወዲህ አርብ አርብ ጨውና በርበሬ እየሸጠች የምትኖር፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። "እኔ ሳል ሲይዘኝ ትራስ ነክሼ ነው የምስለው" ትል ነበር ለወንድሟ ለረጀብ። "አያ አንዳርጌ ከሰሙ አለቀልኝ።"

አያ አንዳርጌ ሕክምናን የቀሰሙት ደብረ ታቦር ነው። በጎልማሳነታቸው ሆዳቸውን ታመው እዚያ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ሌላው ሰው ሆስፒታል ገብቶ ድኖ ይወጣል፤ እሳቸው ግን ተመርቀው ወጡ። ከአልጋቸው ሆነው ሐኪም ሲያልፍ አዩ፣ ቁስል የሚያጥበው ድሬሰር ሲጠራ ሰሙ፣ የጎረቤት ታማሚ መድኃኒት ሲውጥ ቆጠሩ። ከዚያ ወዲህ ንግግራቸው ሁሉ የሚጀምረው "እኔ ሆስፒታል ሳለሁ" ብሎ ነው። የሚያልቀውም አንድ ዓይነት ነው፤ "ትንሽ መድኃኒት በሽታ ታስቆጣለች።" ነገሩን ሲያብራሩት ደግሞ በሽታ እንደ ነብር ነው ይላሉ፤ ወይ ጨርሰህ ግደለው፣ ወይ አትንካው፤ አቁስለህ ከተውከው መልሶ ይበላሃል።

ይህን ትምህርት መጀመሪያ የቀመሰው ሙላው ነው። ሙላው ከታች ሰፈር ገብስና ምስር የሚያመርት፣ ጉልበቱ የተመሰከረለት ገበሬ ነው። የኮሶ ትል ያዘውና ሰው በሚጠጣው ልክ ኮሶ ሊጠጣ አሰናዳ። አያ አንዳርጌ ደረሱበት። በእጥፍ አስጠጡት። ሙላው ያን ቀን ከወንዙ ዳር አልተነሳም፤ በማግስቱም እዚያው ነበር። ትሏ ወጥታለች፤ ከእሷ ጋር ሌላ ምን ምን እንደወጣ ግን ሙላው እስከ ዛሬ ሲናገር አይኑን ጨፍኖ ነው። ሊወቅሳቸው ቢመጣ፣ "ዳንክ ወይስ አልዳንክም?" አሉት። ምን ይበል? ድኗል።

ቀጥሎ ተረኛው መሪጌታ ሆኑ። እዚያው ጋይንት ካለችው ከድጓ ደብር ከቤተ ልሔም ገብተው ድጓ የዘለቁ፣ ድምፃቸው ከደብሩ አልፎ ገበያው ድረስ የሚሰማ ሊቅ ናቸው። ብርድ ብርድ ቢላቸው አያ አንዳርጌ ለወባ የሚሰጠውን መራራ ኪኒን ከየት እንዳመጡት ሳይታወቅ አምጥተው አንዱን በአንዱ ላይ አስዋጧቸው። ብርዱ ለቀቀ። በምትኩ የመሪጌታ ጆሮ ይጮህ ጀመር።

"አንዳርጌ፣ ጆሮዬ ውስጥ ጸናጽል ይመታል" አሉ መሪጌታ።

"እርስዎማ ታድለዋል" አሉ አያ አንዳርጌ። "ሌላው ደብር ጸናጽል የሚያገኘው ገዝቶ ነው።"

በስልሳዎቹ መጀመሪያ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ጨው የጫነች አህያ የሀቢባን ቅልጥም ረገጠቻት። ቁስሉ ትንሽ ነበር። ትንሽ ነው ብላ ተወችው፤ እሱ ግን አልተዋትም። ያዣል፣ ይደርቅ ይመስልና እንደገና ይከፈታል። አያ አንዳርጌ በየማለዳው በአጥር ብቅ እያሉ የቅጠል ዓይነት ይቆጥሩላታል። እሷም "እሺ" እያለች ቅጠሉን ለፍየሏ ትሰጣለች። በመጨረሻ ረጀብ የእህቱን እግር ሲያሸተው ፊቱ ተለወጠ። ምንም ሳይናገር በቅሎ ተውሶ ጫናትና የቀናት መንገድ ተጉዘው ደብረ ታቦር ገቡ።

ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ ድሬሰሩ ያስተረጉማል። ቁስሉን አጠቡት፣ የሞተውን ሥጋ ቆርጠው አነሱ፣ አሰሩት። ከዚያ ሐኪሙ በትንሽ ብልቃጥ ኪኒን ሰጣትና ድሬሰሩ እንዲህ አላት፦

"ዚንክ ይባላል። ሰውነትሽ ቁስሉን እንዲሞላ የሚያግዝ ነው። እህል ሳትቀምሺ እንዳትወስጂው፤ በባዶ ሆድ ያስመልሳል። ከታዘዘልሽ አትጨምሪ፤ ብዙ ስለወሰድሽ ቶሎ አትድኚም፤ ትታመሚያለሽ እንጂ። ሌላ መድኃኒት ከታዘዘልሽ ይህን እንደምትወስጂ ተናገሪ፤ አብረው የማይዋጡ አሉ። ቁስሉ ሲደርቅ ታቆሚያለሽ። ከተረፈ ለሰው አትስጪ፤ ልጆች ከማይደርሱበት አኑሪው።"

ሀቢባ ይህን ቃል መንገዱን ሙሉ እንደ ዱዓ እየደጋገመች መጣች። ደጇ ላይ ስትወርድ አያ አንዳርጌ ቆመው እየጠበቁ ነበር። እግሯን አላዩም፤ "መድኃኒቱን እስቲ" አሉ።

ከብልቃጡ አንዷን አውጥተው በጣታቸው አንከባለሏት፣ አሸተቷት፣ ወደ ብርሃን ያዟት።

"ማን ይባላል?"

"ዚንክ።"

አያ አንዳርጌ ዝም አሉ። የማያውቁት ስም ሲገጥማቸው እንዲያ ዝም ይላሉ፤ ዝምታው ሲያልቅ ያውቁታል።

"ዚንክማ ቆርቆሮ የሚለበጥበት ነው" አሉ። "ያ ቤተ ክርስቲያናችን ላይ የተመታው ቆርቆሮ ስንት ክረምት ወረደበት። ለምን አይዝግም? ዚንክ ስለጠጣ ነው። እንግዲህ ሰው ሲያረጅ ምን ሆነ ማለት ነው? ዛገ ማለት ነው። ጉልበቱ ሲንቋቋ አልሰማሽም? ፈረንጅ ለምን እንደማያረጅ ዛሬ ገባኝ። ለመሆኑ ስንት አዘዙልሽ?"

"ከምግብ በኋላ አንድ ፍሬ።"

በሐዘን አዩዋት። "አንድ ፍሬ? እቴ፣ ትንሽ መድኃኒት በሽታ ታስቆጣለች። ደግሞ ከምግብ በኋላ? ኮሶን ጠግበሽ ትጠጫለሽ?"

"ኮሶ ለትል ነው። ይሄ ለቁስል ነው።"

"መድኃኒት መድኃኒት ነው።"

"ጨውም ጨው ነው አያ አንዳርጌ" አለች ሀቢባ። "ለበሬ የሚያስልሱትን ያህል ወጥ ውስጥ ይጨምራሉ?"

 ለማይገባው ሰው መልስ አባክነው አያውቁም። ብቻ ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበያው ሁሉ ስለ ዝገት ተማረ። አያ አንዳርጌ በገበያው መሐል ካለው ሾላ ሥር ቆመው፣ ሽማግሌ ማለት ዚንክ ያልደረሰው ሰው መሆኑን ለሽማግሌዎች አስረዱ። ሽማግሌዎቹ ተቀየሙ፤ ግን ጉልበታቸውን እያጠፉና እየዘረጉ ያዳምጡ ጀመር።

ረመዳን ገባ። ሀቢባ ፀሐይ ስትገባ አፍጥራ፣ በደንብ በልታ ኪኒኗን ትውጣለች። አያ አንዳርጌ ይህን ሲሰሙ እጅግ አዘኑ። ሆድ ቀኑን ሙሉ ባዶ ሆኖ መድኃኒት እየጠበቀ፣ ይህን የመሰለ ዕድል በእንጀራ ማበላሸት ኃጢአት ነው አሉ። እሷ ግን ፈቅ አላለችም። ታኅሣሥ ላይ ቁስሉ ዳር ዳሩን ይዞ፣ ወደ መሐል ገስግሶ ገጠመ። ገበያው ተደነቀ። አያ አንዳርጌ ምስጋናውን በትሕትና ተቀበሉ፤ "ደብረ ታቦር የጀመሩትን እኔ ነኝ የጨረስኩት" አሉ።

ሀቢባ እንደታዘዘችው መድኃኒቱን አቆመች። የተረፈውን፣ ብልቃጡ ተሰብሮባት ስለነበር፣ በትንሽ ቅል ከታ ከጣሪያው ማገር ላይ አንጠለጠለችው። ረጀብ ለንግድ ወደ ደብረ ታቦር ሲሄድ ይመልስላታል።

የካቲት ላይ፣ ሁዳዴ እንደገባ፣ አያ አንዳርጌ ማንም ሳይጠራቸው ሣር ተሸክመው መጡና የሀቢባን ጣሪያ ይከድኑ ጀመር። ባለፈው ክረምት ሲያፈስባት ሰምተው ኖሯል። ደግነታቸው እንደ መድኃኒታቸው ነው፤ ሳይጠየቅ ይመጣል፣ ልክም የለው። ቀኑን ሙሉ ከጣሪያው ላይ ዋሉ። ማታ ሀቢባ መርቃ ሸኘቻቸው። ከማገሩ ላይ ቅሏ መጥፋቷን ግን ቀና ብላ አላየችም።

የሰማችው በማግሥቱ ገበያ ላይ ነው። ሙላው ምስሩን አራግፎ ጨው ሊገዛ መጣና እየሳቀ፣ "ሊቀ ኪኒንን አየሻቸው?" አላት። "ዛሬ ከሾላው ሥር የሉም። ጠዋት መንገድ ላይ አግኝቻቸው፣ የማሬን መድኃኒት አገኘሁት፣ ከእንግዲህ ትደረጃለች እያሉ ነበር። የቆርቆሮውን ነው መሰለኝ።"

ማሬ የልጃቸው የብርቱካን ልጅ ናት። ጡት ከተወች ወዲህ ሰውነቷ እምቢ ያለ፣ እግሯ እንደ ሰንበሌጥ ሣር ቀጥኖ ሆዷ ብቻ ቀደም ቀደም የሚል ሕፃን ናት። መንደሩ አይቶ ዝም ይላል፤ አያቷ ግን ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም።

ሀቢባ ቅሏን አሰበች፤ ቀጥሎ ጣሪያውን አሰበች። ጨውና በርበሬዋን ለሙላው ትታ ተነሳች። ያ እግር ከዳነ ወዲህ ሮጣ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን አህያና ሰው እየገፋች ገበያውን ሰንጥቃ ወጣች።

የአያ አንዳርጌ በር ገርበብ ብሏል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዓለሚቱ ገበያ ናቸው፤ ብርቱካን ውኃ ወርዳለች። መደቡ ላይ ቅሏ ተከፍታ ተቀምጣለች። ከመደቡ ሥር ማሬ ተቀምጣ ነጫጭ ኪኒኖችን እንደ ጠጠር ትደረድራለች። አንዷን አንስታ ወደ አፏ ስትወስዳት ሀቢባ እጇን ያዘቻት። ልጅቱ አለቀሰች። ሀቢባ አፏን ከፍታ፣ ከምላሷ ሥር፣ ከጉንጯ ውስጥ በጣቷ ፈለገች። ምንም የለም። ደግማ ፈለገች። ምንም የለም። ያኔ ገና ልጅቱን እንዳቀፈች መሬት ላይ ተቀመጠች።

ከጓሮ ድምፅ ሰማች። አያ አንዳርጌ አጥሩን ተደግፈው፣ አንጀታቸው ሊወጣ እስኪደርስ ያስመልሳቸዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ላባቸው በጋቢያቸው አልፏል።

"ስንት ዋጡ?"

"እፍኝ ... እፍኝ አይሞላም።"

"በባዶ ሆድ?"

"ሁዳዴ አይደል?"

ጎረቤት ተጠርቶ ወደ ቤት አስገቧቸው። የሚጠጡት ሁሉ ይመለሳል፤ ሆዳቸውን ይዘው ይጠቀለላሉ፤ ቀና ሲሉ ቤቱ ይዞርባቸዋል። መሪጌታ በጥሪ መጡና አጠገባቸው ተቀመጡ። ሀቢባ የገብስ አጥሚት አሙቃ ብታቀርብ እጃቸውን አወራጩ።

"ገና ቅዳሴ አልወጣም። ጾሜን አላፈርስም።"

"ጾምዎንማ ጠዋት በኪኒን አፍርሰውታል" አሉ መሪጌታ። "ለታመመ ሰው ጾም የለበትም፤ ይጠጡ። ንስሐውን ኋላ እንነጋገርበታለን።"

ጠጡ። መለሱት። ቆይተው ትንሽ ትንሽ ሲሉ ረጋላቸው።

ሀቢባ የምትናገረውን እየሮጠች አዘጋጅታ ነበር። የዓመታት የአጥር ለአጥር ቁጣ ነው፤ የሙላውንም የመሪጌታንም ድርሻ ጨምራበታለች። ሊወጣ ሲል ወይዘሮ ዓለሚቱ ከገበያ ደርሰው ገቡ። ባላቸውን አዩ፣ ቅሏን አዩ፣ ነጠላቸውን አውልቀው ተቀመጡ። አልደነገጡም። የለመዱት ነገር ይመስል ነበር።

"ደግሞ ሞከሩት" አሉ።

"ምኑን?" አለች ሀቢባ።

"ለሰው የሚሰጡትን ነዋ። ምንም ነገር ለሰው አይሰጡም አስቀድመው በራሳቸው ካልሞከሩት። ያን የሙላውን ኮሶ ጊዜ ሙላው ወንዝ ዳር ሲተኛ እሳቸው ከዚህ ጓሮ ገና መነሳታቸው ነበር። የመሪጌታን ኪኒን ጊዜማ ስንት ቀን ስጠራቸው አይሰሙኝም።"

መሪጌታ ጆሯቸውን ነካ አደረጉ።

"ታዲያ ታመው ካዩት ለምን ለሰው ይሰጡታል?" አለች ሀቢባ።

"እኔም ጠይቄያቸው ነበር። 'እኔ ሽማግሌው ከቻልኩት እነሱ ይችሉታል' ነው የሚሉት።"

አያ አንዳርጌ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። "ለማሬ ይህን ያህል አላሰብኩም" አሉ ከጋቢው ውስጥ። "ለእሷ ትንሽ ነበር። መጀመሪያ በኔ ይለይ ብዬ ነው። ልጅቱ እያነሰች ነው ሀቢባ። ሁሉም እያየ ዝም ይላል። እኔ ምን ላድርግ?"

ሀቢባ ያዘጋጀችውን ቁጣ ተወችው። በዝግታ ነገረቻቸው። መድኃኒቱ ለእሷ ቁስልና ለእሷ ዕድሜ የተመዘነ መሆኑን፣ ማሬ ኪኒኑን በእጇ ይዛ ወደ አፏ ስትወስድ እንዳገኘቻት፣ አፍታ ዘግይታ ቢሆን አሁን እሳቸው የሚሰማቸውን ያቺ ሰንበሌጥ የምታህል ልጅ ትሸከመው እንደነበር። ልጅቱ ቅሏ ዘንድ መድረሷን አያ አንዳርጌ አላወቁም ነበር። ጋቢው ሲንቀጠቀጥ ታየ።  

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ሀቢባ ራሷ ከረጀብ ጋር ሆና አያ አንዳርጌንና ማሬን ይዛ ደብረ ታቦር ሄደች። ቅሏንም አስያዘቻቸው። ሐኪሙ ልጅቱን አገላብጦ አያት፤ ሆዷ በትል ተሞልቷል አለ። በእሷ ክብደት ልክ የሚጠጣ መድኃኒት ሰጣት፤ ከዚያ ወዲያ የሚያስፈልጋት እንቁላል፣ ወተት፣ ባቄላና ምስር ነው አለ። የዚንኩን ነገር ሲሰማ ደግሞ ከልክ በላይ የሚወስድ ሰው ባያስመልሰው እንኳ ሲቆይ ሌላ ሕመም እንደሚጠራበት አስረዳቸው። አያ አንዳርጌ አንድ ጊዜም "እኔ ሆስፒታል ሳለሁ" አላሉም። ሊወጡ ሲሉ ብቻ ዞር ብለው ድሬሰሩን፣ "የልጅቱ መድኃኒት ከምግብ በፊት ነው በኋላ?" አሉት። ረጀብ በመገረም እህቱን አያት።

ተለወጡ ማለት አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው አይለወጥም፤ ይባስ ሁለተኛ ዲግሪ ይዘው ተመለሱ። ማሬ ሥጋ ስታወጣ፣ ጉንጯ ሲሞላ፣ እሳቸውም በእሷ ልክ እየኮሩ ሄዱ። ኪኒን ማደሉን ትተዋል፤ ምክሩን ግን ማን ይከለክላቸዋል? የታመመ ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው አሁን አንድ ነው፤ "እህል ቀምሰሃል?" ካልቀመሰ ምርመራ የለም። በባዶ ሆድ ሰው አያዩም። ወይዘሮ ዓለሚቱ ያለውን ያቀርባሉ፤ ታማሚው ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ምላሱን ያወጣል።

ከዚያ ያ ክፉ ዓመት መጣ። በልግ ቀረ፣ ክረምቱም መጣሁ ብሎ ተመለሰ። ከቆላው ወገን ሰው ወደ ላይ ይወጣ ጀመር። ጨዋ ሰው እርቦኛል ብሎ በር አይመታም። በዚያ ሰሞን ግን በአያ አንዳርጌ ደጅ የበሽተኛው ብዛት ጉድ ሆነ። አንዱ ወገቡን፣ አንዷ ራሷን፣ አንዱ ደግሞ የት እንደሚያመው እስኪያስታውስ ድረስ ይቆማል። ሊቀ ኪኒን ሁሉንም በየተራ ያስቀምጣሉ።

"እህል ቀምሰሃል?"

"አልቀመስኩም።"

"እንዴት አድርጌ ላይህ? በል ይቺን ንፍሮ ቅመስ።" ሲጨርስ የእጁን ትር ትር ይዘው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። "ቀላል ነገር አይደለም። ነገም ተመልሰህ አሳየኝ። ልጆችህንም አምጣቸው፤ ተላላፊ ሳይሆን አይቀርም።"

ሀቢባ ይህን በአጥር ታያለች። አንድ ቀን ወይዘሮ ዓለሚቱ ጎታው ውስጥ እስከ ወገባቸው ገብተው ሲጠርጉ የጎታው ድምፅ ተሰማት፤ ባዶ ዕቃ ነው እንዲያ የሚጮኸው። ሙላው ቀደም ብሎ ጥቂት ምስር ቢያመጣ አያ አንዳርጌ "እኔ ለማኝ ነኝ?" ብለው መልሰውታል።

በማግሥቱ ረጀብ ከእስቴ በኩል ካመጣላት ገብስ አንድ ጭነት አህያዋ ላይ አድርጋ በራቸው ላይ ቆመች። ደጁ ላይ በሽተኞቹ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። አያ አንዳርጌ ጭነቱን አዩት፤ ፊታቸው ጠቆር አለ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"መድኃኒት ነው" አለች ሀቢባ። "ለእነዚህ በሽተኞች።"

"ማን አዘዘው?"

"እኔ።"

ከከረጢቱ አፍ ፍሬ ዘግነው በጣታቸው አንከባለሉ፣ አሸተቱ፣ ወደ ብርሃን ያዙ። 

"አወሳሰዱስ?"

"ተፈጭቶ፣ በትኩሱ። እስኪጠግቡ።"

አያ አንዳርጌ፣ ሐኪም ለሐኪም እንደሚያደርገው፣ ራሳቸውን በክብር ነቀነቁና የከረጢቱን አንድ ጫፍ ያዙ። ሀቢባ ሌላውን ያዘች፤ ተጋግዘው ወደ ቤት አስገቡት።